ወጨጫን በሳይክል፦ አፈሩን እያዩ መውጣት፣ አፈሩን እያዩ መውረድ

ዓለም ገና ላይ ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ እወጣለሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እሑድ የወጡ ልጆች የተጣመመ ቸርኬ፣ የተበጠሰ ካቴና፣ የተበሳ ካላማዳሪያ ይዘው በሬ ላይ ይቆማሉ። ሳይክሉን ገልብጬ ጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰገሰገውን አፈር በካቻቢቴ ጫፍ ስፍቅ የት እንደወደቁ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ። ጥቁር ከሆነ ከታች ሜዳው ላይ ነው። ቀይ ከሆነ ከጫካው ሥር ባለው ቁልቁለት ነው። ግራጫ ጠጠር ካገኘሁ ከላይ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ካለበት አጠገብ ነው። ሁሉም ስለ ዳገቱ ያወሩኛል፤ የጣላቸው ግን አፈሩ ነው። ወጨጫ ላይ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መሬት ይገጥማችኋል፣ ሦስቱም የተለያየ አነዳድ ይፈልጋሉ። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ሳይክሉንም ራሱንም ደህና ይዞ ይመለሳል።

ተራራው የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከከበቧት ከእነ ፉሪና የረር ጋር ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ ወጥቶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ትራካይት ይባላል፤ ግራጫ ነው፣ በእጅ ሲዳስሱት እንደ ሞረድ ይሻክራል። ይህ ድንጋይና ከሥሩ ያለው ሁሉ በዘመናት ዝናብ እየበሰበሰ ውኃ ቶሎ በሚሸሽበት ተዳፋት ላይ ቀይ አፈር፣ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ሆነ። ስለዚህ የአፈሩን ቀለም ማየት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ደግሞ ጎማው የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚከዳ ያውቃል።

አንዳንድ ደንበኞቼ «እሳተ ገሞራ ላይ መንዳት ከሆነ ለምን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፈንታሌ አንሄድም?» ይሉኛል። ፈንታሌ ገና የሚተነፍስ ተራራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢው ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ስንት ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ፣ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው እንኳ በሌሊት እንዴት ከአልጋው እንደተነሣ አንረሳውም። የእሳተ ገሞራ መሬትን ጠባይ ለመማር ቅርቡና ረጋ ያለው ወጨጫ ይበቃል። ዳገት ጨርሶ ያልለመደ ሰው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ያሳልፍ፤ እዚያ ያለው የሳይክል መንገድ ለእግርም ለሳንባም ጥሩ መግቢያ ነው። ከእንጦጦ የሚቀረው ትምህርት ዋልካውና ትላልቁ ድንጋይ ነው፤ እሱን ወጨጫ ያስተምራችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ጎማው

መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ሳይክላችሁን ሲነፋላችሁ ድንጋይ እስኪሆን ነው የሚነፋው። መኪና ለምዶ ነው፣ አልፈርድበትም። አስፋልት ላይ ደግሞ ደህና ይሮጣል። ኮረኮንች ላይ ግን የተወጠረ ጎማ ጠጠር በነካ ቁጥር ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ መሬት አይነካም፣ መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን የለውም። ከ60 እስከ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.1 ወይም 2.2 ኢንች ስፋትና ካላማዳሪያ ላለው ጎማ፣ እኔ ፊቱን 28፣ ኋላውን 32 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አደርጋለሁ። መለኪያ ከሌላችሁ በአውራ ጣታችሁ የጎማውን መሐል ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ትንሽ መስጠት አለበት፣ ግን ቸርኬው ድረስ መግባት የለበትም። ከዚህ በታች ከቀነሳችሁ ድንጋይ ሲመታችሁ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቀረቀርና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ሰኞ ከማያቸው ቀዳዳዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፤ እሾህ የሚበሳው ግን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሁለት ካላማዳሪያ ያዙ። ሁለተኛው ትርፍ አይደለም፣ አስፈላጊ ነው። ጎማውን አውልቃችሁ ካላማዳሪያውን ስታወጡ ወዲያው አዲሱን አታስገቡ። የድሮ ካልሲ ወይም ጨርቅ ይዛችሁ የጎማውን ውስጥ በክብ ዳስሱት፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይዞ ያስቀረዋል፣ ጣታችሁንም አይወጋም። የቀጋ እሾህ ጫፉ ብቻ ተሰብሮ ሲቀር በዓይን አይታይም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ካላማዳሪያ ሲያበላሽ አይቻለሁ፤ እሾሁ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። መለጠፍ ካስፈለገ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ከዚያ ጠብቁ። ጣት ሲነኩት መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እርጥብ እያለ ይለጥፍና ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ይላቀቅበታል።

ፍሬኑን ሲጨብጡት እጀታው መሪውን የሚነካ ከሆነ ወደ ተራራ አትሂዱ። ከጫፉ እስከ ሰበታ ቁልቁለቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ሳይክላችሁ ቸርኬን የሚነክስ የጎማ ፍሬን ያለው ከሆነ የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ገና የሚታዩ መሆናቸውን እዩ፤ ዲስክ ከሆነ ዲስኩን ዘይት በነካ እጅ አትንኩት። መቀመጫውን ከፍና ዝቅ የምታደርጉበት ብሩጎላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ በኋላ ስለ እሱ እናገራለሁ።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። ሦስት ሊትር ውኃ፣ በሶ ወይም ጭኮ፣ ሹራብ፣ ሄልሜት፣ ጓንት። ሹራቡን «ፀሐይ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከጫካው በላይ ያለው ሣር አመዳይ ይዞ ነው የሚያድረው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ በጂማ መንገድ ላይ ፔዳል አትምቱ። ከአየር ጤና ወዲህ ሲኖትራኩ ብዙ ነው፣ ዳር መያዣ የለም። ከረዳቱ ጋር ተስማምታችሁ ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኑና ሰበታ ውረዱ። ሲታሰር ራሳችሁ ቁሙ፤ ገመዱ ራጂውን (የቸርኬውን ሽቦ) ወይም ማርሹን ተጭኖ እንዳይታሰር። ሰበታ ቁርስ ብሉ፣ ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሰላም እዚያው ጠይቁ። ብቻችሁን አትውጡ። ቢያንስ ሦስት ሁኑ፤ አንዱ ቢወድቅ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ አንዱ ሰው ሊጠራ ይሄዳል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ ተነሡ። ከሰበታ አልፎ ወደ ሱባ ጫካ የሚገነጠለው ፒስታ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀበላችሁም ዋልካው ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ክፍል ደህና ነው። በክረምት ግን አትሞክሩት። ዋልካ ሲርስ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል፣ ከዚያ ሹካው ሥር ይሞላና ጎማው መዞሩን ያቆማል። አንድ ሐምሌ ላይ እልህ ይዞኝ ሦስት መቶ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሳይክሌን ተሸክሜ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ጭቃውን በዱላ እየፋቅኩ፣ አሥር እርምጃ ሄጄ እንደገና እየፋቅኩ። ካቴናውና ማርሹ ያንን ቀን አልቻሉትም፤ ሁለቱንም ቀየርኩ።

ዋልካ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጠባይ ያወጣል። ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ነው፣ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከሄደም የፊት ጎማን ይውጣል። መድኃኒቱ ስንጥቁን በማዕዘን ማቋረጥ ነው፤ አብራችሁት አትሂዱ። ከብት የረገጠው ዱካም ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። እዚህ ከመቀመጫችሁ ትንሽ ብድግ በሉ፣ መሪውን አታንቁት፣ ሳይክሉ ከሥራችሁ እንዲወዛወዝ ልቀቁት።

መሬቱ ቀይ መሆን ሲጀምር ዳገቱም ይጀምራል። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ዳገቱ መሐል ላይ በሙሉ ጉልበት እየረገጣችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ይበጠሳል፤ በዚህ ዳገት ላይ የተበጠሰ ካቴና ቆጥሬ አልጨርስም። በቀላሉ ማርሽ ላይ ተቀመጡ፣ መቀመጫው ጫፍ ላይ ጠጋ በሉ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁን ወደ መሪው አቅርቡ። ተነሥታችሁ ከረገጣችሁ የኋላ ጎማ ክብደት ያጣና ደረቁ ቀይ አፈር ላይ በከንቱ ይሽከረከራል። ከፍታው ትንፋሽ ይወስዳል። የአዲስ አበባ ሰው ለምዶታል ቢባልም 2,800 ሜትር ካለፈ በኋላ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷልና ቀንሱ።

ጫካው በር ላይ ወርዳችሁ የመግቢያውን ክፈሉ፣ ሳይክል በየትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ ጠይቁ፣ አስጎብኚ ያዙ። ጫካውን የሚያውቅ ሰው ከፊት ሲኖር ከወንዝ ማቋረጫው እስከ መመለሻው ሰዓት ያለው ሁሉ ይቀላል። መናገሻ ሱባ ከአገራችን አንጋፋ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው እንዲህ አርጅተው ቆመዋል። ሥሮቻቸው መንገዱን ያቋርጣሉ፤ ጠዋት ጤዛ ሲይዛቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ሥር ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም። ቀጥ ብላችሁ፣ ከሥሩ ጋር መስቀል ሠርታችሁ እለፉ። ጉሬዛ ከላይ ሲዘል ዓይናችሁ ወደላይ ይሄዳል፤ ማየት ከፈለጋችሁ ቁሙና እዩ። ከማለዳው ጸጥ ብላችሁ ከገባችሁ የምኒልክ ድኩላ ከጥሻው ሲወጣ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ሳይክሉን አቁማችሁ አሳልፉት፤ መንገዱ የእሱ ነው።

ጥዱ አልቆ ኮሶው፣ ከዚያም አስታው ሲጀምር ግራጫው ድንጋይ ይመጣል። የሚሻክር ድንጋይ ነው ብያችኋለሁ፤ ደረቅ ሲሆን ጎማን እንደ እጅ ይይዛል፣ በዚህ ላይ መንዳት እኔ ከማውቀው ደስታ ሁሉ ይበልጥብኛል። ችግሩ በላዩ ላይ የተበተነው ጠጠር ነው። የመጨረሻውን ክፍል እኔ ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የምወጣው፤ ከ16 ዓመት በኋላም እገፋዋለሁ። ጫፉ ላይ ጠራ ባለ ቀን በስተ ምሥራቅ አዲስ አበባ ጢስ ለብሳ ትታያለች፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። እዚያ ሹራባችሁን ልበሱና ብሉ። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ግን እዚያ አትገኙ።

ቁልቁለቱ

መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ብሩጎላውን አውጥታችሁ መቀመጫውን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉት። ይህች ትንሽ ሥራ ከሁሉም ትበልጣለች። መቀመጫው ከፍ ካለ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ መሸሽ አይችልም፤ የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታ በመሪው ላይ ትወረወራላችሁ። ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጋችሁ ቁሙ፣ ጉልበትና ክርን ይታጠፍ፣ ዳሌ ከመቀመጫው ኋላ ይሁን። ዓይናችሁ ከፊት ጎማችሁ አይጣበቅ፤ ሳይክሉ ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል፣ ድንጋይ ላይ ካፈጠጣችሁ ድንጋዩን ትመታላችሁ። ድንጋዩን አንድ ጊዜ እዩት፣ ከዚያ የምታልፉበትን ክፍተት እዩ።

ፍሬን በአንድ ጣት ወይም በሁለት ጣት ይያዛል፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይዘዋል። የፊተኛው ፍሬን የበለጠ ያቆማል፣ ብዙ ሰው ግን ይፈራውና ኋላውን ብቻ ጨብጦ ሲንሸራተት ይወርዳል። የተንሸራተተ ጎማ መንገዱን ይቦረቡረዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ያ ቦይ የውኃ መውረጃ ይሆንና የገበሬው ማሳ ይታጠባል። ሁለቱንም ያዙ፣ ለስለስ አድርጋችሁ። ኩርባው ላይ ሳትደርሱ አቀዝቅዙ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን ልቀቁ። ደረቅ ቀይ አፈር ላይ እንደ ዱቄት የሆነው አቧራ ያለበትን ዳር ሽሹ፤ የተረገጠውን ጠንካራ መሐል ያዙ። የጎማ ፍሬን ያላችሁ በየአሥር ደቂቃው ቁሙ፣ ቸርኬው ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ፤ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ካላማዳሪያውም እየጋለ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ስለሚበልጠው። ከጫካው ሥር ያሉት መንገዶች ለሳይክል የተሠሩ አይደሉም። የእናቶች መንገድ ናቸው፤ እንጨት ተሸክመው ይወርዱባቸዋል፣ አህያ ይነዱባቸዋል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሱባቸዋል። ጀርባዋ ላይ ከቁመቷ የረዘመ እንጨት የተሸከመች ሴት አንገቷን ቀና ማድረግ አትችልም። አታያችሁም። ዘወር ማለትም አትችልም።

ሰባት ዓመት ይሆነዋል፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ኩርባውን በፍጥነት ስዞር አንዲት እናት ከነሸክማቸው መንገዱን ሞልተው አገኘኋቸው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት፤ ሳማ ውስጥ በፊቴ ተደፋሁ። ጎማው ከሸክማቸው ጫፍ አንድ ስንዝር አልራቀም ነበር። እንጨቱን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ከጀርባቸው ፈቱና ወደ እኔ መጡ። ክንዴ በሙሉ አብጦ ነበር። አንድ ሰፊ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው ጨመቁና ክንዴን ሲያሹልኝ እጃቸው እንደ ግራጫው ድንጋይ ይሻክር ነበር፤ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ። «ሱታ ዴሚ፣ ያ ኢልመ ኮ» አሉኝ። ቀስ ብለህ ሂድ፣ ልጄ። ልቆጣ የሚገባኝ እኔ እንዳልሆንኩ፣ እሳቸው መቆጣት ሲገባቸው እንዳልተቆጡ ሳስብ እስካሁን ዓይኔ ያነባል። ሸክሙን መልሼ ሳሸክማቸው ክብደቱን ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ለብቻዬ ከመሬት ላነሣው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሳይክሌ ላይ ደወል አለ። እናንተም ግጠሙ። ከኩርባው በፊት ደውሉ፣ የሰው ፍጥነት እስክትሆኑ አቀዝቅዙ። ሸክም የያዘ ሰው ስታዩ እናንተ ናችሁ ወርዳችሁ ዳር የምትይዙት፣ ከታች በኩል ያለውን ዳር። «አካም ጅርቱ» በሉ፤ መልሱ «ነጋ» ሲመጣ መንገዱ ይለሰልሳል። አህያ ካለ ከኋላዋ አትምጡ፣ ነጂው እስኪይዛት ቁሙ። ውሻ ሲያባርራችሁ ከሳይክሉ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርጉ፣ ቁሙ፤ የማይሮጥ ሰው ላይ አብዛኛው ውሻ ይሰለቻል፣ ባለቤቱም ይደርሳል። የተዘራ ማሳ በአጭር መንገድ አታቋርጡ፤ የገብሱ ቡቃያ ላይ የጎማ መስመር ያየ ገበሬ ለሚቀጥለው ሳይክል ነጂ ሰላምታ አይመልስም።

ወጨጫን ከለመዳችሁ በኋላ ይህንኑ ትምህርት ሌላ ቦታ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ቢሾፍቱ ሐይቆቹ ዙሪያ ያለው ቀይና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ከጎማ ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል። እዚያ ከጎማው አየር ሁለት ሦስት ፒ.ኤስ.አይ. ቀንሱ፣ ኩርባ ላይ አትጋደሙ። በመልካ ቁንጥሬ በኩል ባልጪት አካባቢ ደግሞ የጥንት ሰው መሣሪያ የሠራበት ባልጩት መሬት ላይ ተበትኗል፤ ቦታው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ባልጩት እንደ ምላጭ የሰላ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፣ የጎማን ጎን ይቀድዳል። በተፈቀደው መንገድ ብቻ ሂዱ፣ አንድም ስባሪ አታንሡ።

ሰበታ ስትደርሱ የመጨረሻውን ሚኒባስ ጭንቅ ሳትገቡ ለመያዝ 10 ሰዓት ላይ ድረሱ። ቤት ስትገቡ ሳይክሉን በውኃ ግፊት አትጠቡት፤ ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ያጥበዋል። አፈሩ ይድረቅ፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ካቴናውን በጨርቅ ጠርጋችሁ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት በየመገጣጠሚያው ላይ አድርጉና ትርፉን ጥረጉ። ከዚያ ራጂዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በጣት ጨበጥ ጨበጥ አድርጉ። ከጎረቤቶቹ የላላ ካገኛችሁ በላዩ ላይ ክር እሰሩበት፤ ስታመጡልኝ ፍለጋ ሳልገባ እሱን ነው መጀመሪያ የማጠብቀው።